ፍጥነት ሲሸሽ ጽናት ይቀራል፦ ከማሞ ወልዴ ሕይወት

ዕድሜዎ ወደ አርባዎቹ ሲጠጋ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር ወይም አንድ ቀን ኳስ ተጫውተው ሦስት ቀን ማነከስ አጋጥሞዎት ይሆናል። አንዳንዱ እርጅና መጣ ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሌላው በእልህ እንደ ጎረምሳ ሮጦ ጅማቱን ይጎዳል። ሁለቱም አይበጁም። የተሻለውን መንገድ በሻምበል ማሞ ወልዴ ሕይወት ውስጥ እናገኛለን።

ማሞ በ1924 ዓ.ም. በድሬ ጂሌ ተወለደ። የክብር ዘበኛ ባልደረባ ሆኖ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ሲሰለፍ ዕድሜው 24 ነበር። የሮጠው ፍጥነት በሚጠይቁት 800 እና 1500 ሜትር ሲሆን ከማጣሪያው አላለፈም። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን ግን አቋረጠ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ፣ በ36 ዓመቱ፣ በ10 ሺህ ሜትር ብር አገኘ። ከሰባት ቀን በኋላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። እኩያው አበበ ቢቂላ በዚያው ውድድር በእግር ጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጧል። ዕድሜ አንድ ቢሆንም የሁሉም ሰው አካል አንድ አይደለም።

ማሞ በዚህ አላበቃም። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሙኒክ በ40 ዓመቱ የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደ። ሰዓቱ 2፡15፡08 ሲሆን ከፍታዋ ከ2 ሺህ 200 ሜትር በላይ በሆነችው ሜክሲኮ ከተማ ካስመዘገበው ከአምስት ደቂቃ በላይ የፈጠነ ነበር።

ርቀቱ ከዕድሜው ጋር እንዴት እንደረዘመ ልብ ይበሉ። ለዚህ ምክንያት አለው። ዕድሜ ሲገፋ ቀድመው የሚቀንሱት ለፈጣን እንቅስቃሴ የሚያገለግሉት የጡንቻ ጭረቶች ናቸው። የልብ ከፍተኛው ምትም ዝቅ ይላል፤ በግምት በ20 ዓመት በደቂቃ 200 የነበረው በ40 ዓመት 180 ይሆናል። የጅማት የመለጠጥ አቅም ይቀንሳል፣ ከድካም ማገገምም ጊዜ ይወስዳል። ጽናት ግን በልምምድ ለረጅም ጊዜ ይጠበቃል።

ታዲያ ምን ያድርጉ? እንደ ማሞ ማራቶን መሮጥ አይጠበቅብዎትም። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ጊዜውን ለአምስት ቀን ቢያካፍሉት በቀን 30 ደቂቃ ብቻ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨምሩ፤ ከወንበር መነሳትና መቀመጥን መደጋገምም ይጠቅማል። ከመጀመርዎ በፊት ሰውነትዎን ያሟሙቁ፣ ከከባድ ቀን በኋላ ይረፉ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ ያሳድጉ። ለዓመታት ሳይንቀሳቀሱ ከቆዩ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለብዎት አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። በእንቅስቃሴ ላይ ደረትዎን ከጨነቀዎት፣ ራስዎን ካዞረዎት ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎት ወዲያውኑ ያቁሙና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ማሞ ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. በ69 ዓመቱ አረፈ። የ24 ዓመት ፍጥነቱን በ40 ዓመቱ አልፈለገም፤ በዚያ ዕድሜ በቀረው አቅም ሮጠ። እርስዎም ዛሬ ባለዎት አቅም ይጀምሩ።