ሮዛሊንድ ፍራንክሊን፦ ለእኛም የደከመች እህት

በዚህ እትም የምናስታውሳት ሴት የኖረችው ከደባርቅ ርቃ ነው። የድካሟ ፍሬ ግን ለእኛም ደርሷል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በ1920 ለንደን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። ካምብሪጅ ተምራ በ1945 ስለ ድንጋይ ከሰል ባደረገችው ምርምር ዶክትሬቷን አገኘች። በ1951 ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ገብታ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ዲኤንኤ በኤክስሬይ መመርመር ጀመረች። በ1952 ከተማሪዋ ጋር ያነሱት ፎቶግራፍ የዲኤንኤን ጥምዝ ቅርጽ አሳየ። ፎቶግራፉን ግን እሷ ሳታውቅ ሌሎች አዩት። በ1962 ሦስት ወንዶች ለዚሁ ግኝት ኖቤል ሲሸለሙ እሷ በሕይወት አልነበረችም።

በ1956 ለሥራ አሜሪካ ሳለች ሆዷ ተነፍቶ ጉርድ ቀሚሷ አልዘጋ አላት። ለንደን ተመልሳ ስትታከም የእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላትም ምርምሯን አላቋረጠችም። በሚያዝያ 1958 በ37 ዓመቷ ዐረፈች።

በእሷ ዘመን ለዚህ በሽታ ሕክምናው መሥራቱን የሚጠቁም እንደ ዛሬው ያለ የደም ምርመራ አልነበረም። ሲኤ-125 የተባለው ምልክት የታወቀው በ1981 ነው። ሐኪሞች ከሕክምናው በፊትና በሕክምናው ጊዜ ደጋግመው ይለኩታል። ኬሞቴራፒ ሲጀመር ፈጥኖ ከወረደ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ይጠቁማል፤ ካልወረደ ወይም ተመልሶ ከወጣ ሐኪሙ ሌላ መላ ይፈልጋል። የማኅበራችንን ሂሳብ በአንድ ወር ገቢ ብቻ እንደማንመዝነው ሁሉ፣ ይህም ቁጥር ለብቻው አይፈርድም፤ በወር አበባና በሌሎች ሕመሞችም ሊጨምር ይችላል።

በደም የሚገኘው ዲኤንኤም ይመረመራል። ብራካ በተባሉት ጂኖች ላይ ጉድለት ያለባት ታማሚ፣ ፓርፕ ኢንሂቢተር የሚባሉት መድኃኒቶች ከሌሎች ይልቅ ሊረዷት ይችላሉ። ሮዛሊንድ ቅርጹን ያሳየችው ዲኤንኤ፣ እሷን የቀጠፈውን በሽታ ለሚያክሙ ሰዎች መንገድ ጠቋሚ ሆነ።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ሐኪም ዘንድ ለደረሰች ሴት ነው። የሆድ መነፋት፣ ጥቂት ቀምሶ መጥገብ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለት ለሳምንታት ከቆየ፣ ጨጓራ ነው ብለን አንተወው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመሳፈሪያ ገንዘብ ያጣች እህት አትፈር፣ ትንገረን። ደጋፊዎቻችንም ይህን መንገድ እንድታስቡልን አደራ እንላለን።