እንዶድን ከወንዝ ዳር ወደ ቤተ ሙከራ ያሻገሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በዙሪያቸው በሚገኙ የደጋና የወይናደጋ ቀበሌዎች እንዶድ ለማንም እንግዳ አይደለም። በአጥር ላይ ተንጠላጥሎ፣ በገደል አፋፍ ላይ ተዘርግቶ ይበቅላል። የዱቄትና የድፍን ሳሙና በየሱቁ ባልበዛበት ዘመን የሀገራችን እናቶች ፍሬውን አድርቀውና ወቅጠው ነጠላና ጋቢ ያጥቡበት ነበር። ይህ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ተክል በዓለም የሳይንስ መድረክ ስሙ እንዲነሳ ያደረጉት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ተከታተሉ። ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ። ትኩረታቸውን የሳበው በገጠሩ ሕዝብ ላይ የሚደርሰው የቢልሃርዚያ በሽታ ነበር።

ቢልሃርዚያ ከውኃ ጋር የተቆራኘ በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል ከታማሚው ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወደ ወንዝና ወደ ኩሬ ይገባል። በውኃው ውስጥ ተፈልፍሎ በቀንድ አውጣ አካል ይጠለላል፤ እዚያም ይራባል። ከቀንድ አውጣው ከወጣ በኋላ በውኃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ልብስ የምታጥብ እናት፣ ከብት የሚያጠጣ እረኛ፣ በመስኖ ቦይ የሚሠራ ገበሬ፣ በወንዝ የሚዋኝ ሕፃን ሁሉ ለአደጋው የተጋለጡ ናቸው። ሕክምና ካላገኘ በሽታው አንጀትንና ጉበትን እያዳከመ የሰውን ጉልበት ይሰልባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ግን የትሉ መተላለፊያ ሰንሰለት ይበጠሳል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ይህንኑ ለማጥናት ወደ አድዋ ተጓዙ። በአንድ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። ወጣቱ ተመራማሪ ከማጠቢያው በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው አዩ። ነገሩን በዝምታ አላለፉትም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። እናቶች ለዘመናት ሲገለገሉበት የኖሩት ፍሬ ከልብስ እድፍ ሌላ የበሽታ ተሸካሚንም እንደሚያስወግድ በዚያች ቀን ታየ።

ግኝቱን ወደ ሥራ ለመለወጥ አንድ የሙያ ዘርፍ ብቻውን አይበቃም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ዶክተር አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። የእንስሳት ባለሙያው ቀንድ አውጣውን፣ ሐኪሙ ታማሚውን፣ የኬሚስትሪ ባለሙያው በፍሬው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር መመርመር ነበረባቸው። በአሜሪካ ያሉ ኬሚስቶች ከፍሬው የለዩትን ገዳይ ውህድ በተመራማሪው ስም ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። የእርሻው ጥናት ደግሞ የዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ድርሻ ሆነ። ልዩ ልዩ የእንዶድ ዓይነቶችን አሰባስበው በማሳ እያነጻጸሩ፣ ምርታቸውንና ኃይላቸውን እየመዘኑ፣ ዓይነት 44 የተሰኘውን የተሻለ ዝርያ መረጡ። የእንዶድ ወንዴና ሴቴ ተክል የተለያየ መሆኑ፣ ኃይለኛው ፍሬም ሳይበስል በአረንጓዴነቱ የሚለቀመው መሆኑ ለአምራች ገበሬ የሚጠቅም እውቀት ነው።

እንዶዱ በአድዋ ለአምስት ዓመታት በወንዞች ላይ ተሞከረ። ከነዋሪው 63 በመቶ የነበረው የበሽታው ስርጭት ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ለዚሁ ዓላማ ከውጭ የሚገባው ኬሚካል ለድሃ ሀገር እጅግ ውድ ነበር፤ እንዶድ ግን ገበሬው በገዛ ማሳው ሊያለማው ይችላል።

ውጤቱ ይህን ያህል ግልጽ ቢሆንም በሰፊው ሥራ ላይ ለመዋል ብዙ እንቅፋት ገጠመው። ዓለም አቀፍ የጤና ባለሙያዎች በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘውን መረጃ እንዳለ ለመቀበል አመነቱ። የደኅንነት ምርመራው በውጭ ሀገር፣ በእነርሱ መመዘኛ እንዲደገም ተጠየቀ። ለዚያ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ማግኘት ደግሞ ዓመታት ፈጀ። ዶክተር አክሊሉ ይህን እንደ ግል በደል ብቻ አላዩትም። የአፍሪካ ሳይንቲስት በራሱ ምድር መርምሮ ያገኘው እውቀት በራሱ ሚዛን ሊመዘን ይገባል የሚለውን ክርክር እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አራመዱት። በመጨረሻም በካናዳ የተደረገው ምርመራ እንዶድ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያነት በአግባቡ ቢውል ደኅንነቱ አሳሳቢ እንዳልሆነ አሳየ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን፣ ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ፣ በተለምዶ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ጥቂት ቆይቶም እንዶድ ባልታሰበ ቦታ ተፈለገ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚዘጋ ዛጎል ለበስ ፍጡር ተስፋፍቶ ነበር። ዶክተር አክሊሉ በኦሃዮ ከሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሲሞክሩት እንዶድ ይህንንም ገደለ። የፈጠራ ባለቤትነቱ መብት ግን የተመዘገበው በዩኒቨርሲቲው ስም ነው። ተክሉን ጠብቀው ያቆዩት የኢትዮጵያ ገበሬዎችና ጥቅሙን ለልጅ ልጅ ያስተላለፉት እናቶች ከዚህ ምን ያገኛሉ የሚለው ጥያቄ በዓለም ዙሪያ ሰፊ ክርክር አስነሣ።

ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳይንስና በሕፃናት ጉዳይ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲያርፉ ገና የ61 ዓመት ሰው ነበሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሠረቱት ተቋምም በስማቸው ተሰይሟል።

ዛሬ ቢልሃርዚያን ለመከላከል በዋናነት የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል ነው። እንክብሉ ትሉን ከሰውነት ያስወግዳል፤ ቀንድ አውጣው ያለበትን ወንዝ ግን አያጸዳም፤ የዳነው ሰው ወደዚያው ውኃ ሲመለስ እንደገና ሊያዝ ይችላል። እንዶድም ዓሣን ስለሚገድል ያለ ባለሙያ ምክር ወደ ወንዝ የሚጨመር አይደለም። በንጹሕ ውኃና በመጸዳጃ ቤት ታግዞ በመጠን ቢውል ሊሰጥ የሚችለው ጥቅም ግን ገና ተሟጦ አልታየም።

በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግብርናን፣ ጤናን፣ ተፈጥሮ ሳይንስንና ታሪክን በየክፍላቸው ይማራሉ። ከግቢው አጥር ባሻገር ደግሞ ስለ እንሰት፣ ስለ ከብት መድኃኒትና ስለ እህል አጠባበቅ ብዙ የሚያውቁ አዛውንት አሉ። ያ እውቀት ጠያቂ ካላገኘ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የአድዋ እናቶች በእንዶድ የሚያጥቡትን ብዙ ሰው አይቶ አልፎ ነበር፤ ቆሞ ያስተዋለው አንድ ተመራማሪ ግን ከዚያ ወንዝ ዳር የዓለምን ጆሮ የሳበ ሥራ ይዞ ወጣ።