አንቶን ደ ባሪ

አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1831 ፍራንክፈርት በተባለችው የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ስለ ነበር እርሱም ሕክምና ተማረ። ይሁን እንጂ ልቡ ወደ ዕፀዋት ጥናት ያደላ ስለ ነበር የሕክምናውን ሙያ ብዙም ሳይቆይ ትቶ የዕፀዋት ሳይንስ መምህር ሆነ።

ደ ባሪ ገና ወጣት ሳለ፣ ከ1845 ጀምሮ፣ በአየርላንድ የድንች በሽታ ገባ። ኑሮው በድንች ላይ የተመሠረተው ድኻ ገበሬ ለከፋ ረኃብ ተዳረገ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብም አለቀ። በታመመው ተክል ላይ ሻጋታ ይታይ ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ ሊቃውንት ሻጋታው የብስባሴው ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም ይሉ ነበር። መነሻው ያልታወቀ በሽታ ደግሞ መከላከያው አይገኝም።

ደ ባሪ በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ዋግና አረማሞ የተባሉትን የእህል በሽታዎች የሚያመጡት ፈንገሶች መሆናቸውን አስረዳ። በ1861 ደግሞ ከታመመ ድንች የወሰደውን ስፖር፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ የሆነውን የመራቢያ ዘር፣ በጤነኛ ተክል ላይ አኑሮ በማይክሮስኮፕ ተከታተለ። ስፖሩ አቆጥቁጦ ወደ ተክሉ አካል ዘለቀ፤ ተክሉም ታመመ። የበሽታው መነሻ በዚህ ታወቀ።

ባርቤሪ በተባለው እሾኻማ ቁጥቋጦ አጠገብ የተዘራ ስንዴ በዋግ እንደሚጠቃ የአውሮፓ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ይናገሩ ነበር። ደ ባሪ በ1865 ገደማ የዋጉን ስፖር በቁጥቋጦው ቅጠል ላይ ዘርቶ ተመራመረ። በስንዴውና በቁጥቋጦው ላይ የሚታዩት ሁለት ልዩ ልዩ ፈንገሶች ሳይሆኑ፣ መልኩንና ማደሪያውን የሚለዋውጥ አንድ ፈንገስ መሆኑንም አረጋገጠ።

ስለዚህ ፈንገሶችን ለመመደብ የውጭ መልካቸው ብቻ አይበቃም፤ ዕድገታቸውንና የመራቢያ አካላቸውን መከታተል ያስፈልጋል። እርሾን የመሳሰሉት ስፖራቸውን በከረጢት ውስጥ ይፈጥራሉ። እንጉዳይ፣ ዋግና አረማሞ ባሲድዩም በተባለ አካል ላይ ከውጭ ያበቅላሉ። ጥቁሩ የዳቦ ሻጋታ ግን በቀጭን ክር ጫፍ ባለች ክብ ራስ ውስጥ ያከማቻል። የድንቹ በሽታ አምጪም በኋላ በተደረገ ምርምር ከእውነተኛ ፈንገሶች ተለይቶ ከቡናማ አልጌዎች ዘመዶች ጋር ተመድቧል።

ደ ባሪ ከ1872 ጀምሮ በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ተማሪዎችን ካፈራ በኋላም በ1888፣ በ56 ዓመቱ አረፈ። ሰብልን ከበሽታ ለማዳን የሚደክሙ ሁሉ ዛሬም እርሱ በጠረገው መንገድ ይሄዳሉ።

ጥያቄዎች
1. ስለ ድንቹ ሻጋታ የነበረው ክርክር ምን ነበር?
2. ፈንገሶችን በመልካቸው ብቻ መመደብ የማያስተማምነው ለምንድን ነው?