ለጥቂት ዓመታት መጥቶ አርባ ዓመት የቆየው የተራራ መንገደኛ
የዕፅዋት ሊቁ የቪልሄልም ሺምፐር ሕይወት

በጉለሌ የሚኖር ሰው ለተራራ እንግዳ አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ወዳለው ወደ እንጦጦ ያደርሰዋል። በመንገዱም ዳር ከባሕር ዛፉ መካከል አልፎ አልፎ የቀረውን የሐበሻ ጽድ ያያል። ከቤቱም ሲመለስ የድንች ወጥ ይቀርብለታል። ነገር ግን ጽዱን ለዓለም የዕፅዋት ሊቃውንት ካስታወቁት ሰዎች ግንባር ቀደሙና ድንቹንም ወዳገራችን አስገብቶታል የሚባለው አንድና ያው ሰው መሆኑን የሚያውቁ ብዙዎች አይደሉም። ይህ ሰው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ይባላል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የእርሱን የሕይወት ታሪክ ሲሆን፥ በተለይም ወደ ሰሜን ተራሮች ያደረገውን ጉዞ እንዴት ባለ ዝግጅትና በምን ያህል ዋጋ እንደ ፈጸመው እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሺምፐር በ1804 በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ አጠገብ ተወለደ። በወጣትነቱ በወታደርነት ካገለገለ በኋላ በሙኒክ ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ተማረ። ወንድሙ ካርል ፍሪድሪክ ሺምፐርም የታወቀ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። እንግዲህ ትምህርቱ በቤት ውስጥ የነበረ ነው ማለት ይቻላል። የሁለቱ ወንድማማቾች ጠባይ ግን የተለያየ ነበር። ታላቁ በአሳብ ሲራቀቅ ታናሹ በእግሩ መሄድን መረጠ።

በዚያን ዘመን ሩቅ አገር ሄዶ ዕፅዋት ለመሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ገንዘብ የሚያወጣለት ያስፈልገው ነበር። በኤስሊንገን ከተማ ሽቶይድልና ሆክሽቴተር የተባሉ ሁለት ሰዎች ለዚህ ጉዳይ የሚሆን አንድ ማኅበር አቁመው ነበር። የማኅበሩም አሠራር እንዲህ ነው፦ አባሎቹ አስቀድመው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በዚያም ገንዘብ መንገደኛ ይላካል፤ መንገደኛው አድርቆ የላከው ዕፅ ሁሉ ቁጥርና ስም ተሰጥቶት እንደየመዋጮአቸው መጠን ለአባሎቹ ይከፋፈላል። ሺምፐር በዚህ ማኅበር ገንዘብ በመጀመሪያ ወደ አልጄሪያ፥ ቀጥሎም ወደ ግብጽና ወደ ሲና፥ ወደ ዐረብ አገርም ተላከ። ከእርሱ ጋር ወደ ግብጽ የሄደው ዶክቶር ቪስት በዚያው በግብጽ ታሞ ሞተ። ሺምፐር ግን አልተመለሰም። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በ1837 አድዋ ገባ።

በዚሁ በ1837 አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ። ታላቅ ወንድሙ ካርል በኤውሮፓ ሆኖ፥ ምድር ከብዙ ሺህ ዘመን በፊት በበረዶ ግግር የተሸፈነችበት ጊዜ ነበር የሚለውን አሳብ ሲያራምድ፥ ለዚያ ዘመን የበረዶ ዘመን የሚለውን ስም አወጣለት። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ በዚያው ዓመት የደረሰው፥ ያ የበረዶ ዘመን አሻራውን ወደ ተወበት ወደ አንድ የአፍሪቃ ተራራማ አገር ነበር። ኋላ የመጡ ሊቃውንት በሰሜን ተራሮች ላይ፥ በተለይም በብዋሂትና በራስ ዳሸን አካባቢ፥ ጥንት የበረዶ ግግር የቦረቦረውን ገደልና እየገፋ የከመረውን ድንጋይ አግኝተዋል። ዛሬ በተራራው ላይ የማይቀልጥ በረዶ የለም፤ አመዳይና ውርጭ ግን አሁንም ይታያል። የጥንቱም የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባስቀረጸው ጽሑፍ፥ ሠራዊቱ በሰሜን እስከ ጉልበት በሚያሰጥም በረዶ ውስጥ ማለፉን መዝግቧል።

ከአድዋ ወደ እንዲህ ያለው አገር ለመሄድ ብርታት ብቻ አይበቃም ነበር። በመጀመሪያ የአገሩን ገዢ ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። በዚያን ጊዜ ትግሬንም ሰሜንንም የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። እርሳቸውም የሰሜን ሰው ስለ ነበሩ፥ የእርሳቸው ፈቃድ ለተራራው እንደ ቍልፍ ይቈጠር ነበር። የደጃዝማችም ፊት ለባዕድ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ በ1838 የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ከአድዋ እንዲወጡ ሲደረግ ሺምፐር ቀርቷል።

ከፈቃዱ በኋላ የሚያስፈልገው ወቅቱን መምረጥ ነው። በክረምት ተከዜ ይሞላል፤ መንገዱም ይጠፋል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ በተከዜና በመረብ ቆላ ንዳድ ይነሣል። ይሁን እንጂ አበባ የሚገኘው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ስለዚህ ዕፅ ለቃሚው ቆላውን ፈጥኖ ማለፍ፥ በደጋው ግን ረጅም ጊዜ መቆየት ነበረበት። ይህን ሥርዓት የሳተ ምን እንደሚገጥመው በዚያው ዘመን ታይቷል። ከፈረንሳይ አገር ለተመሳሳይ ሥራ ከመጡት ሁለት ሐኪሞች ካርተን ዲሎን በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሲሞት፥ ጓደኛው ፔቲ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው።

ሦስተኛው ስንቅና ጓዝ ነው። ለመንገድ የማርያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ጨው፥ ለጓዝ በቅሎና ተሸካሚ፥ ለተራራው ብርድ ድንኳንና ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። ለዕፅ ለቃሚ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ወረቀት ነው። የተለቀመው ቅጠልና አበባ በወረቀት መካከል ተዘርግቶ ይጫናል፤ ወረቀቱም እርጥበት በሳበ ቍጥር ይለወጣል። ጉም በማይለየው ተራራ ላይ ይህን ማድረግ ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት አያዳግትም። አንድ ሌሊት ዝናብ የገባበት እሥር የአንድ ወር ድካም ያበላሻል። ከዚያም የደረቀው ሁሉ በበቅሎ ወደ ምጽዋ፥ ከምጽዋም በመርከብ ወደ ኤውሮፓ መድረስ አለበት።

ሺምፐር ይህን ሁሉ አሰናድቶ ወደ ሰሜን ወጣ። በላካቸው ዕፅዋት ላይ ከተለጠፉት ወረቀቶች እንደምናየው በእንጨትቃብ፥ በደመርኪ፥ በስልኪና በብዋሂት ተራራ ላይ ለቅሟል። ፈረንሳውያኑ መኰንኖች ፌሬና ጋሊኒዬ ራስ ዳሸንን የወጡት በ1841 ሲሆን፥ ሺምፐር ግን ከዚያ አስቀድሞ በአካባቢው ተራሮች ላይ ይመላለስ ነበር። የእርሱ አሳብ ከጫፍ ለመድረስ አልነበረም። ከቆላው ግራር ተነሥቶ ወደ ጽዱና ወደ ኮሶው፥ ከዚያም ወደ አስታው፥ በመጨረሻም ጅብራ ብቻውን ቆሞ ወደሚታይበት ውርጫማ ሜዳ ሲወጣ፥ በየደረጃው የሚለዋወጠውን ዕፅ መመዝገብ ነበር ሥራው። ያገሩን ሰው እየጠየቀም የዕፁን ስምና ጥቅም፥ ለምን በሽታ መድኃኒት እንደሚሆንም ይጽፍ ነበር። ስማቸው በወረቀቱ ላይ ባይጻፍም፥ መንገድ የመሩትና የዕፁን ስም የነገሩት ገበሬዎችና እረኞች የዚህ ሥራ ተካፋዮች ናቸው።

ሆኖም ሥራው እንዲህ እየተስፋፋ ሳለ በ1842 ገደማ ማኅበሩ ፈረሰ። ሺምፐርም ገንዘብ የሚልክለት አጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ጓዙን ጠቅልሎ ይመለስ ነበር። እርሱ ግን ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን አውራጃ እንዲያስተዳድር ስለ ሾሙት፥ ኢትዮጵያዊት ሚስት አግብቶ፥ ልጆች ወልዶ፥ እንደ አንድ ባላገር ተቀመጠ። ዕፅ መልቀሙንም አልተወም፤ ለጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ ይመለሳል የተባለው መንገደኛ የአገር ሰው ሆነ።

ሹመት ግን ከሿሚው ጋር ይወድቃል። በ1855 የካቲት ወር ደጃዝማች ካሣ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አድርገው፥ በዚያው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ደጃዝማች ውቤ ሲያሠሩ ሺምፐር በግንባታው እጁ እንደ ነበረበት ይነገራል። ስለዚህ የጌታው ግዛት ያበቃው እርሱ በደከመበት ሕንጻ ደጃፍ ነው። ሺምፐር ሹመቱንም ሀብቱንም አጥቶ በአዲሱ ንጉሠ ነገሥት አገዛዝ ሥር መኖር ጀመረ። በ1858 ድንች ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እርሱ ነው የሚባለውም በዚህ በድኽነቱ ዘመን ነው። ሹመቱ ሲረሳ ድንቹ ግን በየደጋው ተስፋፍቶ ቀረ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተጣሉ ጊዜ፥ በአገሩ ውስጥ የነበሩ ኤውሮፓውያን ሁሉ መከራው ደረሰባቸው። ሺምፐርም በመቅደላ ከነበሩት አንዱ ሆነ። በ1868 ሚያዝያ ወር ጄኔራል ናፒየር መቅደላን ሲይዝ ነጻ ወጣ። ዕድሜው ከስድሳ ዓመት አልፎ ነበር፤ የተለቀቁት ወዳገራቸው በሚሄዱበት መርከብ ለመሳፈርም ይችል ነበር። እርሱ ግን ሠላሳ ዓመት ከኖረበት አገር መለየትን አልመረጠም። ተመልሶ አድዋ ገባ፤ በ1878ም በዚያው ሞተ። በ1860ዎቹ ስለ ትግሬ ምድርና ዕፅዋት የጻፋቸው ማስታወሻዎችና የሳላቸው ካርታዎች በሎንዶን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ይገኛሉ።

የልፋቱ ፍሬ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የሐበሻ ጽድ በ1847 የሳይንስ ስሙን ሲያገኝ ሺምፐር የላከው ቅርንጫፍ ምስክር ነበር። ሰሳ የተባለው ዛፍ ደግሞ እስከ ዛሬ በሳይንስ የሚጠራው በሺምፐር ስም ነው። በ1943 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የበርሊን የዕፅዋት መዝገብ በቦምብ ሲቃጠል፥ እርሱ ከሰበሰበው ብዙው አብሮ ነደደ። ይሁን እንጂ ያ የኤስሊንገን ማኅበር እያንዳንዱን ዕፅ ለብዙ አባሎች ከፋፍሎት ስለ ነበር፥ መንትያው በፓሪስ፥ በሎንዶንና በሌሎችም ከተሞች ተርፏል። ለገንዘብ መዋጮ ሲባል የተደረገው ክፍፍል፥ ከመቶ ዓመት በኋላ ሥራውን ከመጥፋት አዳነው።

የሰሜን ተራሮች ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ናቸው። በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ከደባርቅ ተነሥቶ የሚሄድ መንገደኛም መሪና ጠባቂ ያገኛል። በከተማችንም በአዲስ አበባ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል፥ ያገር በቀል ዛፎችን እያፈላ ይጠብቃል። ከጉለሌ ወጣቶች መካከል ወደ ሰሜን ለመሄድ የሚያስብ ቢኖር፥ አስቀድሞ ወደዚህ ማዕከል ጎራ ብሎ የጽዱን፥ የኮሶውንና የአስታውን መልክ ቢያጠና መልካም ነው። ከዚያም ወቅቱን ይምረጥ፤ ለሌሊቱ ብርድ የሚሆን ልብስ ይያዝ፤ ያገሩንም ሰው ይጠይቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያየውን የሚጽፍበት ደብተር አይርሳ። ከሺምፐር ሹመትና ሀብት አንዳች አልቀረም፤ የቀረው በየተራራው እግር ቆሞ በትንሽ ወረቀት ላይ የጻፈው ነው።