ዴኒስ ሪቺና ጥቁሩ መስኮት



ሊኑክስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፊደል ብቻ የሚታይበትን ጥቁር መስኮት ነው። ትዕዛዞቹን ከሃንድአውት ሸምድደን ፈተና እንገባለን፤ አንዱንም በጣታችን ሳንነካ ሴሚስተሩ ያልቃል። ያን መስኮት ካቆዩልን ሰዎች አንዱ ዴኒስ ሪቺ ነው። ሕይወቱን ለዚህ እትም የመረጥነው በምክንያት ነው። እሱና ጓደኞቹ ዩኒክስን የሠሩት እኛንም የቸገረንን ነገር ፍለጋ፣ ማለትም ቁጭ ብለው በእጃቸው የሚሞክሩበት ቦታ ስላጡ ነው።

ሪቺ የተወለደው ጳጉሜን 4 ቀን 1933 ዓ.ም. ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ብሮንክስቪል በምትባል ቦታ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ገና አራት ወር ማለፉ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ አሊስቴር ሪቺ የስልክ ኩባንያው የኤቲ ኤንድ ቲ የምርምር ክፍል በሆነው በቤል ላብስ ተመራማሪ ነበሩ። ልጁ በ1963 ከሃርቫርድ በፊዚክስ ተመረቀ። የኛ የባሕር ዳር ፖሊም በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው በዚያው በ1963 ነው፤ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጨርቃ ጨርቅ ሊያስተምር። ሁሉም ያለ እጅ የማይለመድ ሙያ ነው።

ሪቺ እዚያው ሃርቫርድ ቀጥሎ የዶክትሬት ጽሑፉን በ1968 ጨረሰ። ነገር ግን ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት መግባት የነበረበትን ቅጂ ስላላስገባ ዲግሪውን ሳይቀበል ቀረ። (የመመረቂያ ጽሑፍ ለማስጠረዝ የምትሯሯጡ ዘንድሮ ይህን ባትከተሉት ይሻላል።) ቤል ላብስ ግን አስቀድሞ በ1967 ሥራ ጀምሮ ነበር።

በዚያ ዘመን አብዛኛው ፕሮግራም ጸሐፊ ኮምፒውተሩን አይነካውም። ሥራውን በሚበሳ ካርድ ላይ አስፍሮ ለኦፕሬተር ይሰጣል፤ ውጤቱን ከሰዓታት በኋላ ይቀበላል፤ አንዲት ምልክት ከተሳሳተች እንደገና ከሰልፉ መጨረሻ ይጀምራል። ቤል ላብስ ከኤምአይቲና ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ጋር የያዘው መልቲክስ የተባለ ፕሮጀክት ይህን ሊለውጥ ታስቦ ነበር። ብዙ ሰው በየተርሚናሉ ተቀምጦ አንዱን ማሽን በአንድ ጊዜ ይጠቀማል፤ የጻፈውም ወዲያው ይመለስለታል። ሥራው ግን ተጓተተ፤ በ1969 ቤል ላብስ ከፕሮጀክቱ ወጣ። ሪቺና ባልደረባው ኬን ቶምፕሰን ያንን ምቾት ከቀመሱ በኋላ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ማሽን ይገዛልን ብለው ቢጠይቁም እሺ የሚላቸው አላገኙም።

ቶምፕሰን ብዙም ሰው የማይፈልገው ፒዲፒ-7 የተባለ ትንሽ ማሽን አገኘ። ከሪቺና ከሩድ ካናዴይ ጋር የነደፉትን የፋይል አደረጃጀት በ1969 ክረምት እዚያ ላይ ሠራው፤ ዩኒክስ ከዚህ ተነሣ። የተሻለውን ማሽን ፒዲፒ-11ን ያስገዙት በዘዴ ነው፤ የጽሑፍ ማዘጋጃ እንሠራለን ብለው። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ የኩባንያው የፓተንት ክፍል ታይፒስቶች የዩኒክስ የመጀመሪያ ደንበኞች ሆኑ። የዚያ ማሽን ሜሞሪ 24 ኪሎባይት ነበር። በቴሌግራም የምንላላከው አንድ ፎቶ እንኳ አይገባበትም!

የሪቺ የራሱ ትልቅ ሥራ ሲ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ቶምፕሰን በ1972 ዩኒክስን በሲ ለመጻፍ ሞክሮ ተወው፤ ቋንቋው ገና አልበሰለም ነበር። ሪቺ ስትራክቸር የሚባለውን ጨመረበትና በ1973 የዩኒክስ ከርነል በሲ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ዩኒክስ የአንድ ማሽን እስረኛ መሆኑ ቀረ፤ ወደ ሌላ ዓይነት ማሽን ማሻገር ተቻለ። በ1978 ከብራያን ከርኒሃን ጋር ባሳተመው የሲ መጽሐፍ ውስጥ አንባቢው ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ ለዓለም ሰላምታ የምታትም ትንሽ ፕሮግራም እንዲጽፍ ይደረጋል። ዛሬም በየትኛውም ቋንቋ ፕሮግራም የሚጀምር ሰው በዚያችው ሰላምታ ይጀምራል።

ትዕዛዞቹ ለምን እንዲህ አጠሩ የሚል ካለ መልሱ ጣት ላይ ነው። የሚሠሩት ቴሌታይፕ በሚባል ቁልፉ ጠንካራ በሆነና በሰከንድ ዐሥር ፊደል ብቻ በሚያትም መሣሪያ ነበር። ስለዚህ ፋይል መዘርዘር ኤል-ኤስ፣ መቅዳት ሲ-ፒ፣ ማዛወር ኤም-ቪ ሆኑ። ይህን ካወቅን ወዲህ ለኛ መሸምደዱ ራሱ ቀለለን።

እኛ ሰባታሚት ቤት ተከራይተን የምንኖር ልጆች ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ እንሰበሰባለን። ዊንዶውስን ማጥፋት አያስፈልግም። ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ ጭኖ ከፍላሹ ማስነሳት ይቻላል፤ ጫን የሚለውን ሳይሆን ሞክር የሚለውን መምረጥ ነው። ላፕቶፕ የሌለው በአንድሮይድ ስልኩ ተርመክስ የሚባለውን ያውርድ። በፍላሽ የተነሳው ሲዘጋ የጻፍነው ሁሉ ይጠፋል። በለውህ ለተማርን ይህ አይገርመንም፤ አሊፍ ባን የለየነው ጽፈን፣ ቀርተን፣ አጥበን፣ እንደገና ጽፈን ነው። መጠንቀቅ ያለብን አር-ኤም ከሚባለው ነው፤ በሱ የጠፋ ፋይል ቅርጫት ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ የመለማመጃ ፎልደር ከፍቶ እዚያ ውስጥ ብቻ መሰረዝ።

ኔትወርክ በሌለ ቀን ደግሞ ማን የሚለው ትዕዛዝ አለ። ማን ብለን የሌላውን ትዕዛዝ ስም ብናስከትል መመሪያው እዚያው ማሽኑ ውስጥ ይከፈታል። የዚህ መመሪያ የመጀመሪያ እትም በቶምፕሰንና በሪቺ ስም የወጣው ኅዳር 3 ቀን 1971 ነው። በኢንተርኔት መፈለግ ከመታሰቡ በፊት የተሰናዳ በመሆኑ ይመስለናል ለሰባታሚት ኔትወርክ የተመቸው።

ኤቲ ኤንድ ቲ በ1956 የፍርድ ስምምነት የተነሳ ከስልክ ውጪ መነገድ ስላልቻለ ዩኒክስን ከነምንጭ ኮዱ ለዩኒቨርሲቲዎች በትንሽ ክፍያ ይሰጥ ነበር። ተማሪዎች ከፍተው አነበቡት፣ ፈታቱት፣ አሻሻሉት። በሰማንያዎቹ ኩባንያው የመነገድ ፈቃድ ሲያገኝ ዋጋው ተወደደ፣ ኮዱም ተዘጋ። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የዩኒክስን ኮድ ሳይገለብጥ፣ አሠራሩን ግን ተከትሎ፣ በሪቺ ቋንቋ ሊኑክስን ጻፈ። በኪሳችን ያለው አንድሮይድ የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ሪቺና ቶምፕሰን በ1983 የቱሪንግ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። ሪቺ ጡረታ እስከወጣበት እስከ 2007 ድረስ ከዚያው መሥሪያ ቤት አልለቀቀም። ስቲቭ ጆብስ በሞተ በሳምንቱ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2011፣ ኒውጀርዚ ውስጥ ብቻውን በሚኖርበት ቤት ሞቶ ተገኘ፤ 70 ዓመቱ ነበር። ጋዜጦቹ ስለ ጆብስ ገና ጽፈው አልጨረሱም ነበርና የሱ ሞት በትንሽ ዓምድ አለፈ። የአይፎን ሥርዓትም ግንዱ ዩኒክስ ነው። በቀጣዩ ወር የወጣው 16ኛው የፌዶራ ሊኑክስ እትም ለሪቺ መታሰቢያ ተደረገ።