ልጅ ላጡ ባልና ሚስቶች የተጨነቀው ሐኪም ሱን ሲሚያኦ

ቻይናውያን የመድኃኒት ንጉሥ እያሉ የሚጠሩት ሱን ሲሚያኦ ከሞተ እነሆ ከ1,340 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለ እርሱ የሚተረተው ብዙ ነው፤ ነብር አከመ፥ ዘንዶ አዳነ ይባልለታል። እኛ ግን ተረቱን ለተረተኞች ትተን፥ ከሥራዎቹ አንዱን ብቻ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ እንወዳለን፤ ይኸውም ልጅ አጥተው ለሚያዝኑ ባልና ሚስቶች ያደረገው ነው። የምንጠቅሰው የዓመት ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሱን ሲሚያኦ የተወለደው በዚያ ዘመን የቻይና ዋና ከተማ ከነበረችው ከቻንግአን በስተ ሰሜን በምትገኘው በሁዋዩዋን ነው። ቻንግአን ዛሬ ሺያን ትባላለች፤ ሁዋዩዋንም በቶንግችዋን ከተማ ግዛት ውስጥ ትገኛለች። የተወለደበትን ዘመን ብዙዎች 581 ያደርጉታል። 541 ነው የሚሉም አሉ፤ ይህ ከሆነ ግን ሰውዬው ከ140 ዓመት በላይ ኖረ ማለት ስለሚሆን እኛ የፊተኛውን መርጠናል። መቶ አንድ ዓመትም ቢሆን ለሰው ልጅ ጥቂት ዕድሜ አይደለም።

በልጅነቱ ብርድ እየመታው ሁልጊዜ ይታመም ነበር። ወላጆቹ ከሐኪም ቤት ወደ ሐኪም ቤት ሲያመላልሱት፥ ለመድኃኒት የተከፈለው ገንዘብ የቤቱን ሀብት ጠራርጎ ጨረሰው። ልጅ ሆኖ ያየው ይህ ነገር እስከ ሽምግልናው ድረስ ከልቡ አልወጣም። ትምህርት የጀመረው በሰባት ዓመቱ ነው፤ በቀን አንድ ሺህ የቻይና ፊደል ያጠና ነበር ይባላል። ሃያ ዓመት ሲሞላው የላኦትሱንና የጅዋንግትሱን ትምህርት አጥርቶ የሚያስረዳ፥ የቡድሃንም መጻሕፍት የሚመረምር ሰው ሆነ። ሕክምናን የያዘው መጀመሪያ ለራሱ ሕመም ሲል ነበረ፤ ቀጥሎ ለዘመዶቹ፥ ከዚያም ለጎረቤቶቹ አደረገው።

ዝናው ቤተ መንግሥት በደረሰ ጊዜ ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ አስጠርቶ ሹመት ሊሰጠው ፈለገ፤ አልተቀበለም። በ659 ልጁ ጋኦዞንግ የአማካሪነት ማዕርግ አቀረበለት፤ ይህንንም እንቢ አለ። ሆኖም በዋና ከተማው ተቀምጦ ብዙ ዓመት ሕመምተኞችን ሲረዳ፥ ደቀ መዛሙርትንም ሲያስተምር ቈየ። በ674 መታመሙን ገልጦ ወደ ተራራው ለመመለስ ሲለምን፥ ንጉሠ ነገሥቱ ጥሩ ፈረስና አንዲት የሞተች ልዕልት ትኖርበት የነበረውን ቤት ሰጠው። ሹመት የሚሸሽ ሐኪም በየትም አገር ብዙ አይገኝም።

ስሙን ያስጠራው መጽሐፍ በ652 ተፈጸመ። ሠላሳ ክፍል ያለው ሲሆን፥ በውስጡ ከአምስት ሺህ የማያንሱ የመድኃኒት ቅመማዎች ይገኛሉ ተብሎ ይቈጠራል። የአንድ ሰው ሕይወት ከሺህ ወርቅ ይበልጣል፥ ስለዚህ ሕይወትን የሚያድን አንድ መድኃኒት ዋጋው ከዚያ በላይ ነው ብሎ ስላመነ፥ መጽሐፉን የሺህ ወርቅ መድኃኒቶች ብሎ ሰየመው። በመድኃኒት ዋጋ የተራቈተ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው መሆኑን ላስተዋለ ሰው ይህ ስያሜ ለጌጥ የተደረገ አይመስለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንገባለን። ሱን ሲሚያኦ ጠቅላላውን የሕክምና ሕግ በመጀመሪያው ክፍል ካስቀመጠ በኋላ፥ ከበሽታዎች ሁሉ አስቀድሞ የሴቶችን በሽታ በሦስት ክፍሎች ጻፈ፤ ከዚያ የሕፃናትን አስከተለ፤ የወንዶችና የሴቶች የጋራ የሆነው በሽታ ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ምክንያቱንም አስረድቷል። ሴት ትፀንሳለች፥ ትወልዳለች፥ ደም ይፈሳታል፤ በዚህም የተነሣ በሽታዋ ከወንድ በሽታ ይልቅ ዐሥር እጅ ለሐኪም ያስቸግራል ይላል። ከሦስቱ ክፍሎችም የመጀመሪያው ምዕራፍ ልጅን ስለ መፈለግ የሚናገር ነው። ይህን ትምህርት ሐኪሞች ብቻ ሳይሆኑ ሞግዚቶችም እንዲማሩት፥ አንድ አንድ ቅጂ አስጽፈው በጉያቸው እንዲይዙ መክሯል። ለቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ የሚጽፍ ሰው ሞግዚቶችን አያስብም።

ስለ ምን ይህን ያህል ተጨነቀ? በዚያ ዘመን ልጅ አለመውለድ ለአንዲት ሴት ከሕመም የበለጠ ነገር ነበረ። በቻይና ልማድ ሚስትን ለመፍታት ከሚበቁት ሰባት ምክንያቶች አንዱ ወንድ ልጅ አለመውለድ ነው። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፥ በ653፥ ከነማብራሪያው የቀረበው የታንግ መንግሥት ሕግ ነገሩን ሊያለዝበው ሞክሯል፤ ሚስቲቱ አምሳ ዓመት ሳይሞላት በዚህ ምክንያት እንዳትፈታ፥ ለባሏም ወላጆች ኀዘን ተቀምጣ እንደ ሆነ ከቤቱ እንዳትወጣ ይከለክላል። ዳሩ ግን ባልየው ቁባት ከማስገባት የሚከለክለው አልነበረም፤ ጥፋቱም በሚስቲቱ ላይ መሆኑን የሚጠራጠር አልተገኘም። መካን የሚለው ቃል በእኛም ቋንቋ ስንቷን እናት ለመሆን የጓጓች ሴት እንዳስለቀሰ አንባቢ ያውቀዋል።

ሱን ሲሚያኦ ግን በዚያ ምዕራፍ ነገሩን ከሁለት ይከፍለዋል። የባልና የሚስት ዕጣ በልደታቸው ኮከብ የተጣላ እንደ ሆነ መድኃኒት የለውም ይላል፤ ከዘመኑ እምነት ሙሉ በሙሉ አልወጣም። የኮከብ ነገር ካልሆነ ግን ልጅ የሚታጣው ባልም ሚስትም በድካምና በልዩ ልዩ ሕመም ሰውነታቸው ሲጐዳ ነውና፥ ሁለቱም ይታከሙ ብሎ ይፈርዳል። ለሚስት የሚሰጠውን ከመዘርዘሩ በፊትም የባልን መድኃኒት ያስቀምጣል። ለእኛ የሱን ሲሚያኦ ትልቅነት ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ይታያል። ባልን ከሚስቱ ጋር በአንድ መደብ ላይ አስቀምጦ የልብ ትርታውን በጣቱ የሚያዳምጥ ሐኪም፥ ሴቲቱን ከነቀፋው እኩሌታ አሳረፋት ማለት ነው።

ለባል የታዘዘው የሰባቱ ፍሬዎች ዱቄት የተባለው ነው፤ ከልዩ ልዩ ዕፀዋት ፍሬና ሥር ተወቅጦ፥ ተነፍቶ፥ በወይን ጠጅ የሚጠጣ ነበረ። በቻይና ቋንቋ ልጅና የተክል ፍሬ በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ እኛም ለሁለቱ ዘር እንላለን፤ ስለዚህ አሳቡ ከወዴት እንደ መጣ መገመት አያስቸግርም። ለሚስት ደግሞ ማኅፀንን ያጥባል የተባለ ጠንካራ መድኃኒት፥ ቀጥሎም የሚያሞቅና የሚያጠነክር ክኒን ይሰጣል። በገላ ላይ በታወቁ ቦታዎች ቅጠል እያጨሱ ማሞቅም ነበረ።

ከመድኃኒት ሁሉ በፊት ግን ምግብን ያስቀድም ነበር። የመጽሐፉ ሃያ ስድስተኛው ክፍል ስለ ምግብ ብቻ የተጻፈ ነው፤ ፍራፍሬን፥ አትክልትን፥ እህልን፥ ሥጋን በየተራ ያነሣል። ሐኪም የበሽታውን ምክንያት ካወቀ በኋላ በመጀመሪያ በምግብ ይሞክር፤ ምግብ ያልፈወሰውን ብቻ በመድኃኒት ይያዝ ይላል። ይህ በባዶ የተነገረ አልነበረም። ለዳፍንት ጉበት ያበላ ነበር፤ ለእንቅርት የባሕር ዕፅንና የበግን የአንገት ዕጢ ይሰጥ ነበር፤ ለእግር እብጠት በሽታ፥ ዛሬ ቤሪቤሪ ለሚባለው፥ በእህል ልጣጭ የተፈላ አጥሚት ያዝዝ ነበር። የቪታሚንንና የአዮዲንን ስም ዓለም ከማወቁ ከሺህ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ለጤናማውም ሰው ቢሆን እስኪጠግብ እንዳይበላ፥ ሥጋ እንዳያበዛ፥ ከበላ በኋላ ጥቂት እንዲራመድ፥ በመጠጥም እንዳይበረታ መክሯል። ሰክሮ ወይም ሆዱ እስኪነፋ በልቶ ከሚስት ጋር መተኛትንም አጥብቆ ይነቅፋል።

ከፀነሰችም በኋላ አይተዋትም። ከእርሱ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የነበረ ሹ ዥጻይ የተባለ ሐኪም የሠራውን የወር በወር ሥርዓት በመጽሐፉ አስገብቶልናል። በመጀመሪያው ወር በደንብ የበሰለ ምግብና ገብስ ትበላለች። በአራተኛው ሩዝና የዓሣ መረቅ ይቀርብላታል። በአምስተኛው አርፍዳ ትነሣለች፥ ልብሷን ታጥባለች፥ የጧት ፀሐይ ትሞቃለች፤ የስንዴ እህልና የበግ ሥጋም ይታዘዝላታል። በስድስተኛው ቤት ውስጥ ተዘግታ እንዳትቀመጥ ወደ ሜዳ ትወጣና የፈረስ ሩጫ ታያለች። ይህን ሲያነብ አንድ ባል ሚስቱን ከቤት ይዞ ሲወጣ የማይታየው ሰው ያለ አይመስለንም።

ስለ ሐኪም ጠባይ የጻፈው ዛሬም በቻይና የሕክምና ተማሪዎች ዘንድ ይነበባል። ባለጠጋና ድኃ፥ መልከ መልካምና መልከ ጥፉ፥ ወዳጅና ጠላት፥ የአገር ልጅና ባዕድ ሳይለይ ሁሉን እንደ ሥጋ ዘመዱ እንዲያይ፥ ሌሊትና ብርድ እንዳያስቀረው ያዝዛል። ለሰው መድኃኒት ሲባል ነፍስ ያለውን ፍጥረት መግደልንም ይጠላ ነበር። የሚገርመው ግን፥ ማኅፀንን ያጥባል ባለው መድኃኒት ውስጥ አልቅትና የከብት ዝንብ ይገኛሉ፤ እርሱም ሞተው በገበያ የሚሸጡትን መግዛት ይፈቀዳል ብሎ ነገሩን አስታርቆታል። በዚህ ብዙ ልንፈርድበት አይገባም።

በሌላው ግን መናገር ይገባናል። መድኃኒቱን የወሰደ ሁሉ ልጅ ያገኛል ብሎ መጻፉ ከመጠን ያለፈ ነው። ይኸው ሰው ስለ ሥጋ ደዌ ሲጽፍ ከ600 በላይ ሰዎች አክሞ የዳኑት ከዐሥር አንድ ብቻ መሆናቸውን ሳይሸሽግ ነግሮናል፤ ምነው እዚህም እንዲሁ በቈጠረልን ያሰኛል። ሴት ፅንስን ወደ ወንድ ይለውጣል ያለው ክኒንም ከንቱ ነው። ማኅፀንን ከሚያጥበው መድኃኒት ውስጥ አንዱ ሥር ኃይለኛ መርዝ ነው፤ ሌላው ኩላሊትን የሚያጠፋ ነገር የሚገኝበት ተክል ነው። ስለዚህ ከመጽሐፍ ቀድቶ በቤት ለመቀመም የሚያስብ ሰው ቢኖር አደራ እንለዋለን። በመርፌ መውጋትም ቢሆን በ2018 በአውስትራልያና በኒው ዚላንድ 848 ሴቶች የተመረመሩበት ውጤት ሲወጣ፥ በቤተ ሙከራ ፅንስ ለሚሞክሩት እውነተኛው መርፌ ከሐሰተኛው የበለጠ ልጅ አላስገኘም። ስለ ባል ያለው ነገር ግን ጸንቶ ቆሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ ገለጠው፥ ከስድስት አዋቂዎች አንዱ ያህል በዕድሜው መካንነት ያጋጥመዋል፤ ልጅ ካጡት ባልና ሚስቶችም በእኩሌቶቹ ገደማ የወንዱ ጤና በምክንያቱ ውስጥ ይገኛል። ሐኪሞች ዛሬም ውፍረትንና ቅጥነትን፥ መጠጥንና ትምባሆን ከሁለቱም ይጠይቃሉ፤ ለመፀነስ የምታስብም ሴት አስቀድማ ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ይመክራሉ።

ሱን ሲሚያኦ በሽምግልናው ከመጀመሪያው ሠላሳ ዓመት ያህል ቈይቶ፥ የጐደለውን የሚሞላ ሁለተኛ መጽሐፍ ደግሞ ሠላሳ ክፍል አድርጎ ጻፈ። በ682 ሞተ። መቃብሩ ያለ ጌጥ እንዲሆን፥ ዕቃም እንዳይቀበርበት፥ በስሙ እንስሳ እንዳይታረድ ተናዝዞ ነበር። በትውልድ አገሩ ያለው ተራራ የመድኃኒት ንጉሥ ተራራ ይባላል፤ በዚያም በቆመው ቤተ መቅደስ ከመጻሕፍቱ የተወሰዱ መድኃኒቶች በድንጋይ ተቀርጸው ይገኛሉ። ልጁ ሱን ሺንግ አባቱ የሸሸውን ሹመት ተቀብሎ፥ በ690ዎቹ መጀመሪያ በእቴጌ ዉ መንግሥት ከፍ ያለ ባለሥልጣን ሆኖ አገልግሏል።