ከቋሊማ መርዝ እስከ ፊት መርፌ፦ የሐኪሙ ዩስቲኑስ ከርነር ሕይወት

ዩስቲኑስ ከርነር እ.ኤ.አ. በ1786 በጀርመን ሉድቪግስቡርግ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ በጨርቅ ፋብሪካ ለሥራ ተሰማሩ፤ በኋላ ግን በቱቢንገን ሕክምና አጥንተው ሐኪም ሆኑ። በገጣሚነታቸውም በአገራቸው ስመ ጥር ናቸው።

እ.ኤ.አ. ከ1819 ጀምሮ በቫይንስበርግ የወረዳ ሐኪም ሆነው አገለገሉ። በዚያ ዘመን በአካባቢው ያቆየውን ቋሊማ የበላ ሰው በድንገት የሚታመምበትና የሚሞትበት ጊዜ ነበር። የታማሚው አፍ ይደርቃል፤ ዐይኑ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፤ የዐይኑ ሽፋን ይወድቃል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ በመጨረሻም ትንፋሹ ይቆማል። አእምሮው ግን አይስትም።

ከርነር የታማሚዎችን ሁኔታ አንድ በአንድ መዘገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተሙት መጽሐፍም የ155 ሰዎችን ሕመም ተነተኑ። መርዙን ከተበላሸ ቋሊማ አውጥተው በእንስሳት ላይ ሞከሩ። ከዚያም ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው ጥቂት ጠብታ በምላሳቸው ቀመሱ። መርዙ አየር በሌለበት እንደሚፈጠርና የነርቭን ሥራ እንደሚያግድ ተረዱ። እጅግ በጥቂቱ ቢሰጥ ያለ ልክ የሚንቀሳቀስን አካል ሊያረጋጋ እንደሚችልም ገመቱ። ግምታቸው እውን ሲሆን ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ1862 አረፉ።

እ.ኤ.አ. በ1895 ቤልጅየማዊው ኤሚል ቫን ኤርመንገም መርዙን የሚያመነጨውን ባክቴሪያ አገኙ። መርዙ ቦቱሊነም ተባለ፤ ስሙም ቋሊማ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1989 ለዐይን ሕክምና፣ በ2002 ደግሞ በቅንድቦች መካከል ላለ የፊት መሸብሸብ እንዲውል ፈቀደች።

ይህ መርፌ የፊትን አሠራር ጠንቅቆ ማወቅን ይጠይቃል። የግንባር ጡንቻ ቅንድብን ያነሣል፤ በቅንድቦች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ወደ መሐል ይስባሉ፤ የዐይን ሽፋንን የሚያነሣው ጡንቻ ከዐይን ጉድጓድ አጥንት በስተ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ሐኪሙ ከዐይን ጉድጓድ የላይኛው ጠርዝ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በጥቂት መጠን ይወጋል፤ የተወጋውም ስፍራ አይታሽም። መድኃኒቱ ወደ ታች ከሠረገ ከርነር በቋሊማ በተመረዙት ላይ ያዩት የዐይን ሽፋን መውደቅ ይከተላል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ በገጠር ከተሞች ፊቱን ለመርፌ የሚሰጥ ሰው የሚወጋው የተፈቀደለት ሐኪም መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። ገበሬውም ሆነ ከተሜው ያበጠ የታሸገ ምግብ መብላት የለበትም። መርዙ ዛሬም ያው ከርነር የመዘገቡት መርዝ ነው፤ ፈውስ የሚሆነው በመጠኑና በባለሙያ እጅ ብቻ ነው።